ወለሉ ለምን ተነሳ?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የመሐንዲስ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ተራ መጋዘን ወለል ጽፌ ነበር። መጨረሻ ላይ «የማቀዝቀዣ መጋዘን ግን ሌላ ጣጣ አለው» ብዬ አለፍኩ። ለካ እሳት ለኩሼ ኖሯል። የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ስለዚያ ጣጣ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ሌሎቹን ፈጠን ብዬ እሄድባቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ እንደምን ሰንብተዋል? የማስተዳድረው መጋዘን ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ላይ ነው የሚሠራው። ሥራ ከጀመረ ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከአምና ጀምሮ የወለሉ መሃል ከፍ እያለ መጥቷል። መጀመሪያ ያወቁት ፎርክሊፍት ነጂዎቹ ናቸው። «ዕቃው ያዘነብልብናል» ሲሉኝ ሰበብ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ስናስለካው መሃሉ ከዳሩ በ7 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። መደርደሪያዎቹም ማዘንበል ጀምረዋል። የጠራነው ኮንትራክተር «ኮንክሪቱ አብጧል፤ የተነሳውን ቆርጠን በሊሾ እናስተካክለው» ይላል። ልፍቀድለት? (የመጋዘን ኃላፊ)

መልስ፦ እንዳይፈቅዱለት! ኮንክሪቱ አላበጠም። ደረቅ ኮንክሪት ሲበርደው ይኮማተራል እንጂ አያብጥም። የተነሳው ከሥሩ ያለው መሬት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮንክሪቱ ሥር ኢንሱሌሽን አለ። ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጠንካራ ፎም ነው። ሰው ሁሉ «ፎም አለ፣ ብርዱ ወደ መሬት አይወርድም» ይላል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፎም ሙቀትን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ድንጋይን በብርድ ልብስ ቢጠቀልሉት አይሞቅም። መጋዘኑ ዓመት እስከ ዓመት፣ ሌት ተቀን፣ ከሥሩ ካለው መሬት ሙቀት ይመጥጣል። ዳር ዳር ያለው አፈር ከውጭ ሙቀት ይደርሰዋል። የመሃሉ ግን ከጎን የሚደግፈው የለም። ጉብታው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ የሚጀምረው ለዚህ ነው። አንድ ቀን የዜሮ ዲግሪው መስመር ፎሙን አልፎ አፈሩ ውስጥ ይገባል። ማንም አያየውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ብዙ ሰው «ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ አፈሩም በዚያው ልክ ያብጣል» ብሎ ያስባል። ይህ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ስቴፈን ቴበር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ አንድ ብልህ ሙከራ ሠራ። አፈሩን በውሃ ፋንታ በቤንዜን አራሰው። (የመኪናውን ነዳጅ ማለቴ አይደለም፤ ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ሌላ ነገር ነው።) ቤንዜን ሲጠጥር ይኮማተራል እንጂ አይሰፋም። አፈሩ ግን ተነሳ! ስለዚህ ጥፋቱ የመስፋቱ ብቻ አልነበረም።

ዋናው ጥፋተኛ መምጠጡ ነው። አፈሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ከበታቹ ካለው ያልቀዘቀዘ አፈር ውሃ ወደ ላይ ይስባል፤ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስበው። የተሳበው ውሃ በረዶው ላይ ይጨመራል። በረዶው እየወፈረ ከላዩ ያለውን ሁሉ ይሸከማል። ውሃ ከታች እስከመጣለት ድረስ አይጠግብም። በዚህ ነገር የባሰው አፈር ደለል ነው። ቀዳዳዎቹ ውሃ ለመሳብ በቂ ጠባብ፣ ውሃ ለማሳለፍ ደግሞ በቂ ሰፊ ናቸው። ንጹህ ጠጠር ውሃ አይስብም። ድፍን ያለ ሸክላ ይስባል፣ ግን በዝግታ ነው የሚያሳልፈው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ወጣት ሳለሁ ከሠራኋቸው የመጀመሪያ ማቀዝቀዣዎች አንዱ ላይ ከፎሙ ሥር የማሞቂያ ቱቦ ዘርግተን ነበር። ቱቦው ውስጥ ለብ ያለ ግላይኮል ይዞራል፤ ግላይኮል መኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው በረዶ የማይሆን ፈሳሽ ነው። ሙቀቱ የሚገኘው ኮምፕረሰሩ ወደ ውጭ ከሚጥለው ነው፤ በነጻ ማለት ይቻላል። ሥራውን አስረክበን ሄድን። ከአራት ዓመት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ወለሉ 11 ሴንቲ ሜትር ተነስቷል። ስደርስ የቱቦው ፓምፕ ጠፍቶ አገኘሁት። ማን አጠፋው? ጥሩ ሰው የሆነ፣ ቆጣቢ ቴክኒሻን። «ማቀዝቀዣ ቤት ውስጥ ማሞቂያ ምን ይሠራል ብዬ ነው» አለኝ። ምን ልበለው? ልክ ነው፣ ለሰሚው ያስቃል። ወለሉን አንድ ቦታ ከፍተን ስንቆፍር አፈሩ መሃል ንጹህ በረዶ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ ነበር፤ አንዳንዱ የእርሳስ ውፍረት፣ አንዳንዱ የጣት። ጥፋቱ የቴክኒሻኑ አልነበረም። ማብሪያው ላይ ምንም ሳልጽፍ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በቀይ ቀለም እጽፋለሁ፦ «ይህ ቢጠፋ ወለሉ ይነሳል»።

ማሞቂያው ብዙ ኃይል ይፈጃል ብለው አይስጉ። 20 ሴንቲ ሜትር ጥሩ ፎም ካለ፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ከዜሮ በላይ 5 ዲግሪ ላይ ለመያዝ በአንድ ካሬ ሜትር 5 ዋት ገደማ ይበቃል። 2000 ካሬ ሜትር ወለል ቢሆን 10 ኪሎ ዋት ነው። ለዚያ ሁሉ ወለል ምንም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ። መጀመሪያ የግንባታውን ፕላን ያስወጡና ከወለሉ ሥር ማሞቂያ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ካለ ፓምፑ ይሠራል? ፈሳሹ በሁሉም ቱቦ ይዞራል ወይስ አንዱ ተዘግቷል? ከወለሉ ሥር የተቀበሩ ሴንሰሮች ካሉ ያንብቧቸው። ቱቦ ከሌለ ደግሞ የአየር ቦይ ሊኖር ይችላል፤ አፉ በቆሻሻ ወይም በአይጥ ጎጆ ተደፍኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛ፣ ያዘነበሉትን መደርደሪያዎች ዛሬውኑ ያራግፉ። ይህን በቀልድ አይውሰዱት። አንድ ሂሳብ ላሳይዎት። አንድ ክፍል በየደርቡ ሁለት ፓሌት ቢይዝ፣ አምስት ደርብ ቢሆን፣ ፓሌቱ 1 ቶን ቢመዝን፣ 10 ቶን ነው። መሃል ላይ ያለ ፍሬም ከግራውም ከቀኙም ግማሽ ግማሹን ይቀበላል፤ እሱም 10 ቶን ይሆናል። ፍሬሙ ሁለት እግር ስላለው ለአንድ እግር 5 ቶን ይደርሰዋል። መደርደሪያዎች ጀርባ ለጀርባ ሲቆሙ ሁለት እግር ጎን ለጎን ይገጥማል፤ 10 ቶን በአንድ ትንሽ ቦታ። ይህ ሁሉ ቀጥ ብሎ ለመቆም ነው የተሠላው። ሲያዘነብል ሂሳቡ ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ወለሉ ላይ በየ3 ሜትሩ ነጥብ ምልክት አድርገው በየወሩ ያስለኩ። ምሰሶዎቹንም አይርሱ። በረዶው ወለሉን ብቻ ሳይሆን የምሰሶውን መሠረት ጭምር ሊያነሳ ይችላል፤ ያኔ ነገሩ ከወለል ወደ ጣሪያ ይሄዳል።

ኮንትራክተሩ የተነሳውን ቢቆርጠው ምን ይሆናል? ዛሬ ወለሉ ይስተካከላል። በረዶው ግን ሥራውን አላቆመም፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይነሳል። ከዚያ አንድ ቀን መሬቱ ሲቀልጥ ጉብታው ይወርዳል፣ የተቆረጠው ቦታም ጉድጓድ ይሆናል። በዚያ ላይ 15 ሴንቲ የነበረው ኮንክሪት 8 ሴንቲ ቀርቶት ያንን 10 ቶን ተሸከም ይባላል።

ትክክለኛው መፍትሔ መሬቱን ቀስ አድርጎ ማሞቅ ነው። ቱቦው ደህና ከሆነ በእሱ። ካልሆነ ከሕንፃው ጎን ከወለሉ በታች አግድም ተቦርቡሮ አዲስ ቱቦ ይገባል። ወራት ይፈጃል፤ ዓመት ያለፈበትም አይቻለሁ። አይቸኩሉ። በረዶው ሲቀልጥ አፈሩ ለጊዜው ውሃ የጠገበ ጭቃ ይሆናል፣ ጉልበት አይኖረውም። ስለዚህ በሚቀልጥበት ወቅት ያ ቦታ ባዶ ይሁን። «እንግዲያው ማቀዝቀዣውን እናጥፋውና በራሱ ይቅለጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። እሱንም አይስሙ። ከላይና ከዳር ተዘበራርቆ ይቀልጥና ወለሉን ይሰነጣጥቀዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ መጋዘን ተረክበናል። ዕቃ አስገብተን በሩን ስንዘጋ ለተወሰኑ ደቂቃዎች አልከፈት ይላል። ሁለት ሰው ነው የሚጎትተው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጣሪያው «ቋ!» ብሎ ጮኸና አንዱ ፓነል (ፎም ያለበት የጣሪያ ሰሌዳ) ወደ ውስጥ ጎበጠ። ከሠራተኞቹ አንዱ መንፈስ አለበት ብሎ መግባት ትቷል። እኔ ግን የበሩ ጎማ ይመስለኛል። (የፈረቃ ኃላፊ)

መልስ፦ መንፈስም ጎማም አይደለም። አየር ነው። በሩ ተከፍቶ ሳለ ሞቃት አየር ይገባል። በሩ ሲዘጋ ያ አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል። ክፍሉ ደግሞ እንደ ጠርሙስ የታሸገ ነው። ስለዚህ ውስጡ ይጎድላል፣ ውጭው ይገፋል።

መጠኑን ሰው አያምነኝም። ፈጽሞ በታሸገ ክፍል ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 20 አካባቢ፣ አየሩ በ1 ዲግሪ ብቻ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ በ400 ፓስካል ያህል ይወርዳል። ይህ በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ነው። በርዎ 3 ካሬ ሜትር ከሆነ 120 ኪሎ ይዞታል ማለት ነው። 10 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ግድግዳ ላይ ደግሞ 2.4 ቶን ያርፋል። ለአንድ ዲግሪ! በተግባር አየር በየስንጥቁ ሾልኮ ስለሚገባ እስከዚህ አይደርስም። ግን ፓነሉ በደንብ በተገጠመ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። ጎበዝ ገጣሚ ነበራችሁ ማለት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የግፊት ማስተንፈሻ ነው፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚከፈት። ኮይሉ (አየሩን የሚያበርደው የቱቦ ጥቅል) ላይ ያለው በረዶ በሙቀት ሲረግፍ አየሩ ተገላቢጦሽ ስለሚሰፋ ሁለቱም አቅጣጫ ያስፈልጋል። ምናልባት ተገጥሞ ይሆናል። መሰላል አምጡና እዩት። ማስተንፈሻው የራሱ ትንሽ ማሞቂያ ሽቦ አለው። ሽቦው ከተበጠሰ ክዳኑ በበረዶ ይጣበቃል፣ ያኔ መኖሩም አለመኖሩም አንድ ነው። የእናንተ እንደዚያ ቢሆን አይደንቀኝም። የጎበጠው ፓነል ሳይቀየር ከሥሩ ሰው አታሰማሩ። ያ ሠራተኛ ባይገባ ይሻላል፤ ምክንያቱ ስህተት ቢሆንም ውሳኔው ልክ ነው።

ጥያቄ፦ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ትልቅ ማቀዝቀዣ እየነደፍኩ ነው። የብረት ምሰሶና ቢሙን ከፓነሉ ውስጥ ላድርገው ወይስ ውጭ? ብረት በብርድ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል የሚሉትስ እውነት ነው?

መልስ፦ እኔ ለውጭ አደላለሁ፤ አድልዎዬን ልናዘዝ። አጽሙ ውጭ ሆኖ ተራ ሕንፃ ይሁን፣ የብርዱ ሳጥን ውስጡ ይቀመጥ። ምክንያቱን በቁጥር እይው። ብረት በአንድ ዲግሪ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛውን ይኮማተራል። 60 ሜትር የሆነ ብረት በ45 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 32 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ውስጥ ካደረግከው እያንዳንዱ ብሎን፣ እያንዳንዱ የምሰሶ እግር ይህን መሸከም አለበት። ውጭ ካደረግከው ግን የሚኮማተረው ሳጥኑ ብቻ ነው።

ሌላው የሙቀት ድልድይ ነው። ውስጥ ያለ ምሰሶ ብርዱን በእግሩ ወደ መሠረቱ ያወርዳል። ያኔ ከእግሩ ሥር ጭነት የሚችል ኢንሱሌሽን ማስገባት ግድ ነው። ውጭ ስታደርገው ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፦ የሳጥኑ ጣሪያ ከላይ በዘንጎች ይንጠለጠላል፤ እያንዳንዱ ዘንግ ፓነሉን ከበሳ ትንሽ ድልድይ ነው። ፓነሉን የሚበሳው ክፍል ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ጣሪያው ላይ የምትጭነውንም አትርሳ፦ የፓነሉ ክብደት፣ ለጥገና የሚወጣ ሰው፣ ለፈረቃ ኃላፊው የነገርኩት የአየር ግፊት። ማቀዝቀዣ ኮይሉ እዚያ ከተሰቀለ የላዩ በረዶ ክብደትም አለ፤ እሱን የሚረሳው ብዙ ነው።

አንድ ቦታ ላይ አድልዎዬን እተዋለሁ። ዕቃ የሚያነሳው ማሽን ብቻ የሆነበት፣ 30 እና 40 ሜትር የሚረዝም መጋዘን ሲሆን መደርደሪያው ራሱ ጣሪያና ግድግዳ ይሸከማል። እዚያ ውስጥና ውጭ የሚባል ምርጫ የለም፤ ሁሉም ብርድ ውስጥ ነው።

ስለ ስብራቱ፦ «እንደ ብርጭቆ» ማጋነን ነው፣ ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። ተራ የግንባታ ብረት ሲበርደው ጥንካሬው አይቀንስም። የሚቀንሰው መለጠጡ ነው፤ ስንጥቅ ካለበት በድንገት ሊሄድ ይችላል። በአውሮፓ ደረጃ ብረት ስትገዛ ከስሙ ጫፍ ያሉትን ፊደላት ተመልከት። ጄአር የሚለው በ20 ዲግሪ፣ ጄ0 በዜሮ፣ ጄ2 ከዜሮ በታች 20 ላይ ተመትቶ 27 ጁል መቋቋሙ የተፈተነ ነው። ለብርድ ውስጥ ብረት ጄአርን አትጻፍ። የላሜራውን ውፍረትም ከደረጃው ሰንጠረዥ ጋር አስተያይ፤ በወፈረ ቁጥር ፈተናው ይከብዳል። ብየዳውንም በደንብ አስመርምር፣ ስንጥቅ የሚወለደው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ እንፋሎት የሚከለክለው ሽፋን ከፎሙ በውስጥ በኩል ነው ወይስ በውጭ? ከባልደረባዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ በውጭ። በሞቃቱ በኩል፣ ሁልጊዜ። ወለልም ቢሆን ከፎሙ በታች። በ25 ዲግሪና በ60 በመቶ እርጥበት የውጭው አየር የእንፋሎት ግፊት 1900 ፓስካል ነው። ከዜሮ በታች 25 ባለው ክፍል ውስጥ 60 ፓስካል ገደማ ብቻ። ሠላሳ እጥፍ ነው ልዩነቱ። እንፋሎቱ ሌት ተቀን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ፎሙ ውስጥ ከገባ እዚያው በረዶ ሆኖ ይቀራል። ፎሙ ይከብዳል፣ ሙቀት መከልከሉንም ይተዋል። በውስጥ በኩል ካደረጋችሁት ደግሞ የገባው እንዳይወጣ ዘጋችሁበት ማለት ነው። አንዲት የተረሳች የሽቦ ቀዳዳ ትበቃለች። ማን እንደበላ አልነገራችሁኝም።

ጥያቄ፦ ወለሉ ከተሞላ ሦስት ሳምንት ሆነው። ደንበኛ እየጠበቀን ነው። ማሽኑን ሙሉ ኃይል ከፍተን በሁለት ቀን ከዜሮ በታች 25 ብናደርሰው ምን ችግር አለው? (ባለቤት)

መልስ፦ ማሽኑ ይችላል። ሕንፃው አይችልም። መጀመሪያ ኮንክሪቱ 28 ቀኑን ይጨርስ። ውስጡ ያለው ውሃ ገና አልወጣም። ከዚያ እኔ የማዝዘው እንዲህ ነው፦ ወደ 2 ወይም 3 ዲግሪ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ እዚያ ይቁም። ለምን ያህል? ከኮይሉ ሥር ባለው ማፍሰሻ የሚወርደውን ውሃ በባልዲ ይለኩ። በየቀኑ እያነሰ ሄዶ ጥቂት ሲቀር ክፍሉ ደርቋል። ይህ ቀናት ይወስዳል። ከዜሮ በታች ከሄዱ በኋላ ያ ውሃ ባለበት በረዶ ይሆናል፤ ኮንክሪቱ ውስጥ፣ ጆይንቱ (በወለሉ ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት) ውስጥ፣ ፓነሉ መጋጠሚያ ላይ። ዜሮን ካለፉ በኋላ በቀን ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይበቃል። የግፊት ማስተንፈሻው በዚያ ጊዜ መሥራቱን ሰው ይመልከተው፤ ከላይ ያለውን የፈረቃ ኃላፊ ደብዳቤ ያንብቡ።

ጆይንቶቹንም አሁን እንዳይሞሏቸው። 40 ሜትር የኮንክሪት ወለል በ50 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይኮማተራል። ጆይንቱ በሞቃቱ ከተሞላ ሲበርድ ከዳሩ ይላቀቃል፣ ፎርክሊፍቱም የጆይንቱን ጠርዝ ይበላዋል። ብርዱ ከገባና ከተረጋጋ በኋላ፣ ብርድ ላይ በሚጠነክር መሙያ ይሞላ። ያን ቀን ሙያተኛው ወፍራም ካፖርት ይዞ ይምጣ።

ለመጀመሪያው ጠያቂ፦ የወለሉን ልኬት ይላኩልኝ። የማሞቂያውን ማብሪያ ካገኙት ደግሞ ከማብራትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። ምን ተጽፎበት እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ።